የጨዋታ ኮምፒዩተርን ስለ ማሻሻል፤ ከአሮጌው ዕቃ የሚቀረውና የሚለወጠው

የኮምፒዩተር ዕቃ ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴም ሆነ በችርቻሮ የሚሸጥ ባለሱቅ ዘወትር የሚቀርብለት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት የተገዛ የጨዋታ ኮምፒዩተር አዲሶቹን ጨዋታዎች በሚገባ ማጫወት ሲሳነው፥ ሙሉው ተጥሎ አዲስ ይገዛ ወይስ ከፊሉ ብቻ ይለወጥ የሚል ነው። ጥያቄው ለገዢው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ለነጋዴው ግን የካፒታልና የመታመን ጉዳይ ነው። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ፥ ከደንበኞቹ መኪና ጋር የማይገጥም ዕቃ ያስመጣ ሰው ገንዘቡን በመደርደሪያ ላይ አስሮ ይቀመጣል። ሳያስፈልገው አዲስ መኪና የተሸጠለት ደንበኛም ነገሩን የተረዳ ቀን ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

ለማስረዳት ያህል አንድ በብዙ ሰው እጅ የሚገኝ ዓይነት ይወሰድ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 1600፥ ማዘርቦርዱ ቢ350፥ ራሙ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4፥ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1060፥ ፓወር ሰፕላዩ 450 ዋት ሲሆን፥ ማከማቻው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ነው። እነዚህ ዕቃዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ለገበያ የቀረቡ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ድካሙ የት እንዳለ ማወቅ። ማናቸውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት መኪናውን የሚያዘገየው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ጨዋታው እየሄደ የግራፊክስ ካርዱ ሥራ ወደ መቶ በመቶ የሚጠጋ ከሆነ ድካሙ ከካርዱ ነው። ካርዱ ግማሽ ኃይሉን ብቻ እየሠራ ሥዕሉ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ጥርጣሬው በፕሮሰሰሩ ወይም በራሙ ላይ ይወድቃል። ሌላም ቀላል መፈተኛ አለ፤ የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። ፍጥነቱ ከጨመረ የደከመው ካርዱ ነው፤ ካልጨመረ ፕሮሰሰሩ ነው። ሞኒተሩም መታየት አለበት፤ 60 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር በሴኮንድ ከ60 ሥዕል በላይ ለማሳየት ስለማይችል፥ ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ካርድ የተከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው ለዓይን አይታይም።

2ኛ/ የመግጠም ነገር። ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት ሶኬት በየዘመኑ ይለወጣል። ከላይ የተጠቀሰው ቢ350 ኤኤም4 የተባለው ሶኬት ያለበት ነው፤ በ2022 የወጣው ራይዘን 5 5600ም በዚሁ ሶኬት ይቀመጣል። ስለዚህ የማዘርቦርዱ ሠሪ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ከተረጋገጠ፥ ፕሮሰሰሩን ብቻ በመለወጥ ማዘርቦርዱንና ራሙን ማትረፍ ይቻላል። እዚህ ላይ የሥራው ቅደም ተከተል እጅግ ያስፈልጋል፤ ባዮስ የሚታደሰው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ነው። አስቀድሞ የተነቀለ እንደ ሆነ መኪናው አዲሱን ፕሮሰሰር ስለማያውቀው አይነሣም፤ ደንበኛውም ደኅናውን ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል።

በአንጻሩ በ2022 ወደ ወጣው ወደ ኤኤም5 ሶኬት ለመሻገር የሚፈልግ ሰው ፕሮሰሰሩን፥ ማዘርቦርዱንና ራሙን ሦስቱንም በአንድነት ለመግዛት ይገደዳል፤ ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነውና። ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የጎድጎዳቸው ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። ግራፊክስ ካርድ ግን እንዲህ አይደለም፤ አዲሱ ካርድ በአሮጌው ማስገቢያ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ የካርዱ ርዝመት ለካሳው ልክ መሆኑ አስቀድሞ ይለካ።

3ኛ/ የኃይል ሒሳብ። ራይዘን 5 5600 እስከ 76 ዋት ይወስዳል። አርቲኤክስ 3060 የተባለው ካርድ 170 ዋት ይፈልጋል። ለቀረው ሁሉ 70 ዋት ቢታሰብ ድምሩ 316 ዋት ይሆናል። ይህን ያየ ሰው 450 ዋቱ ይበቃል ሊል ይችላል፤ ነገር ግን የካርዱ ሠሪ ለዚህ ካርድ 550 ዋት እንዲሆን ይመክራል፤ ዓመታት ያገለገለ ፓወር ሰፕላይም እንደ አዲስ አይቈጠርም። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ ካርዱ የሚለወጥ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩም ይለወጣል። ተነቃይ ገመድ ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች በሚለወጡበት ጊዜ አሮጌው ገመድ ከአዲሱ ጋር መሰካት የለበትም። ጫፉ ቢገጥምም ውስጣዊ አደራደሩ እንደየሠሪው ስለሚለያይ ዲስኩንም ማዘርቦርዱንም ሊያቃጥል ይችላል።

4ኛ/ የሚቀሩት ዕቃዎች። ካሳው፥ ቁልፍ ሰሌዳው፥ ማውሱና በምሳሌው ላይ ማዘርቦርዱ ይቀራሉ። ሃርድ ዲስኩም ለፊልምና ለሰነድ ማከማቻ ሆኖ ያገለግላል፤ ዊንዶውስና ጨዋታዎቹ ግን በኤስኤስዲ ላይ ቢጫኑ ይመረጣል። 8 ጊጋባይት ራም ለአዲሶቹ ጨዋታዎች ስለማይበቃ ወደ 16 ከፍ ይላል፤ ፍጥነታቸው የተለያየ ራሞች ቢደባለቁ ሁሉም በዝግተኛው ፍጥነት ስለሚሠሩ፥ ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት መግዛት ይሻላል። በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ክፉኛ መናሩ ደኅናውን ዲዲአር4 መጣል ምን ያህል እንደሚጎዳ አሳይቷል። ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፉ በጥቅምት 14 ቀን 2025 ያበቃ ሲሆን፥ ራይዘን 5 1600 ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ 5600 ግን አለ። ጨዋታን ለማይፈልግ ሰው እንኳ ፕሮሰሰሩን ለመለወጥ ይህ አንድ ምክንያት ነው።

5ኛ/ ለነጋዴው የሚጠቅም ምክር። ባለሱቁ ከመሸጡ በፊት የማዘርቦርዱን ስምና ቍጥር ጠይቆ ይመዝግብ። መዝገቡ ለወራት ሲጠራቀም ደንበኞቹ የትኛውን ሶኬትና የትኛውን ራም እንደያዙ ስለሚያሳይ፥ አስመጪው ምን ማዘዝ እንዳለበት ከግምት ይልቅ በማስረጃ ይወስናል። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ በተመጣጣኝ ዋጋ ገዝቶ፥ ፈትኖ፥ ያገለገለ መሆኑን በግልጽ ጽፎ መሸጥም የሚያዋጣ ንግድ ነው። ይሁን እንጂ ኢቴሬም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 በካርድ መመረቱን ካቆመ በኋላ፥ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ብዙ ካርዶች ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ ወርደዋል። ስለዚህ ያገለገለ ካርድ ሳይገዛ በፊት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በከባድ ሥራ ላይ ተፈትኖ ሙቀቱና የፋኑ ድምፅ ይታይ።

አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ይስማማል። አንድ ዕቃ በመለወጥ የሚድነውን መኪና ሦስትና አራት ዕቃ ማስገዛት ለጊዜው ትርፍ ቢመስልም ደንበኛን ያርቃል። ለደንበኛው የሚያስፈልገውን ብቻ ለክቶ የሚሸጥ ነጋዴ ግን በሚቀጥለው ጊዜም የሚጠየቀው እርሱ ነው።