የስድስት ወር እትምና የተማሪ ትርፍ ጊዜ

ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ማለት የተጻፈበት ኮድ ለማንም የተገለጠ፥ ማንም ሊያርመው የሚችል ማለት ነው። ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ፥ ከትምህርት ወይም ከሥራ በተረፈቻቸው ሰዓት የሚያገለግሉ ናቸው። ለእንዲህ ያለው ሰው አዲስ እትም ቶሎ ቶሎ መውጣቱ ይጠቅመዋልን?

ግኖም የሚባለው የኮምፒዩተር ገጽታ በየ6 ወሩ፥ በመጋቢትና በመስከረም ግድም ይወጣል፤ ኡቡንቱም ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ በየ6 ወሩ ነው። ይህ ለኮድ ጸሐፊው መልካም ነው። ከተጂ ወደ ሰበታ የሚሔድ መንገደኛ ሌላ መኪና እንደሚከተል ካወቀ በበር ላይ አይንጠለጠልም፤ ሥራው ያልደረሰለትም እንዲሁ ሳይጣደፍ ለሚቀጥለው እትም ያቆየዋል።

የተርጓሚው ነገር ግን ሌላ ነው። የእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር በአንዲት ቃል እንኳ ቢለወጥ የአማርኛው ትርጉም አጠራጣሪ ተብሎ ይታገዳል፤ ሰው እስኪያየውም ድረስ ተጠቃሚው የሚያነበው እንግሊዝኛውን ነው። ስለዚህ አምና የተሟላው ትርጉም ማንም ሳይነካው ዘንድሮ ጎድሎ ይገኛል። አንዱ መስኮት በአማርኛ፥ አንዱ በእንግሊዝኛ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው እንጂ በፊደላችን አይደለም፤ ፊደሉማ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል።

እንግዲህ የቀን መቍጠሪያውን እንመልከት። እትሙ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ቃላቱን መለወጥ ይከለከላል፤ ተርጓሚ ድካሙ ከንቱ የማይሆነው ያን ጊዜ ነው። ለመስከረሙ እትም ይህ በነሐሴ ይውላል፤ በተለመደው የትምህርት ዓመት ተማሪ ቤቱ የሚቀመጥበት ክረምት ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ፋይሎቹን ተካፈሉ፤ ከአዲሶቹም አስቀድሞ የታገዱትን አንሡ፤ ብዙዎቹ የሚሹት አንዲት ቃል ማረም ብቻ ነውና።