ከዜሮ እየጀመርክ አይደለም

ቀን መደበኛ ሥራህ ላይ ነህ። ማታ ኮድ ትጽፋለህ። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚል ዲግሪ የለህም፤ የተማርከው ከዩቲዩብ፣ ከነጻ ኮርሶችና ሌሊቱን ሙሉ አልፈታ ካለህ ስህተት ነው።

አሁን ሥራ ለመቀየር ቆርጠሃል። ጎበዝ!

ታዲያ ያን የጀመርከውን ፕሮጀክት ለምን ወደ ጎን አደረግኸው?

«አሁን ጊዜው የሲቪና የኢንተርቪው ነው፤ አፑን ሥራ ካገኘሁ በኋላ እጨርሰዋለሁ» ትላለህ። ተው! በዚህ የሽግግር ሰሞን በእጅህ ካለው ሁሉ ትልቁ ንብረትህ ያ ፕሮጀክት ነው። ያንተን ጭንቅላት የሚያሳይ ሌላ ምን ማስረጃ አለህ?

ማሳኮ ዋካሚያን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱ ጃፓናዊት ናቸው። የሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባንክ ቤት ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ። ኮምፒውተር የገዙት በጡረታቸው ዋዜማ ነበር። የስልክ ጨዋታዎችን ሲያዩ ሁሉም ለወጣት የተሠራ ሆኖ አገኙት። ለአረጋውያን የሚሆን አንድ እንዲሠራ ሌላ ሰው ጠየቁ፤ አልተሳካም። ራሳቸው ተማሩና ሠሩት። በ2017 «ሂናዳን» የተባለው ጨዋታቸው ሲወጣ 81 ዓመታቸው ነበር። አፕልም በዚያው ዓመት ወደ ዓለም አቀፍ የገንቢዎች ጉባኤው ጋበዛቸው።

ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ በዕድሜያቸው ይደነቃል። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። እኚህ ሴት የ25 ዓመቱ ፕሮግራመር የማያውቀውን ያውቁ ነበር። ያረጀ ጣት ስክሪን ላይ መንሸራተት ይከብደዋል። ስለዚህ ጨዋታው በመንካት ብቻ እንዲሄድ አደረጉ። የኖሩት ኑሮ ኮድ ውስጥ ገባ።

ያንተስ?

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። መምህር ነህ እንበል። አሥር ዓመት አስተምረህ «እኔ ከዜሮ ነው የምጀምረው» ትላለህ። ዜሮ? አንተ ሮስተር የሠራህ ሰው ነህ! በሴሚስተሩ መጨረሻ የስንት ተማሪ ነጥብ በእጅህ ደምረሃል? አማካይ አውጥተሃል፣ ደረጃ ሰጥተሃል፣ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ገጹን እንደገና ገልብጠሃል። ሁለት ተማሪዎች እኩል ሦስተኛ ሲወጡ ቀጣዩ አራተኛ ነው ወይስ አምስተኛ? አንድ ተማሪ የአንድ ትምህርት ፈተና ሳይቀመጥ ቢቀር አማካዩ በስንት ይካፈላል? እነዚህን ጥያቄዎች የኦንላይን ኮርስ ብዙም አይጠይቅህም። አንተ ግን መልሳቸውን ታውቃለህ፤ ትምህርት ቤትህ የሚከተለውን ደንብም ታውቃለህ። እንግዲያው ሮስተሩን በፓይተን ጻፈው።

ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለህ? ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበውን መድኃኒት ቀድሞ የሚነግርህን ሥራ። የዕቁብ ጸሐፊ ነህ? አባላቱን መዝግብ፣ ዕጣውን አውጣ፣ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ለይ።

ምንም አልታይህ አለ? የቀን መቁጠሪያ መቀየሪያ ሥራ። ቀላል ይመስላል። 12ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜ 5 ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። መቼ? ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍል። ቀሪው 3 ከሆነ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜም 6 ናት። 2015ን ሞክረው፣ ይሠራል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ሲያሰሉት የኖሩትን አንተ በአንድ የ«ኢፍ» መስመር ጻፍከው! ቀጥል። ከአውሮፓውያኑ ጋር ያለው ልዩነት ከመስከረም ጀምሮ 7 ዓመት ነው፤ ጃንዋሪ ሲገባ 8 ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ስትል ስልክህ 8 ይላል። እዚህ ውስጥ ስንት ትምህርት እንዳለ አየህ? ባሕር ማዶ ያለ ዘመድህም ነገውኑ ሊጠቀምበት ይችላል።

«ግን ይህ ትንሽ ነገር ነው» እንዳትለኝ።

ጊዶ ቫን ሮሱም ፓይተንን መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 የገና ሰሞን ነው። በዕረፍቱ ሳምንት የሚይዘው የግል ፕሮጀክት ፈልጎ ነበር። ያኔ አምስተርዳም ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም ተቀጣሪ ነው። ከዚያ በፊት በሥራው ኤቢሲ የተባለ ቋንቋ ሲያበለጽግ ቆይቷል፤ ከኤቢሲ የወደደውን ወሰደ፣ ያስቸገረውን አስተካከለ። በ1991 የመጀመሪያውን እትም ለሕዝብ ለቀቀ። ሥራውን አልተወም። ከሥራው ያገኘውን ዕውቀት ይዞ ወደ ፕሮጀክቱ ገባ።

አንተም ሥራህን አትጣል። ደመወዝህ የመማሪያ ጊዜህን እየገዛልህ ነው። አለቃህ ቢያስመርርህ እንኳ ቸኩለህ አትውጣ፤ የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰው በትዕግሥት መማር ይከብደዋል።

ጊዜ ከየት ይምጣ? ከጠዋት። ግማሽ ሰዓት በቂ ነው፤ ሰው ሳይነሳ፣ ስልክ ሳይጮህ። ማታ ደክሞህ ስትገባ ለራስህ ብዙ ቃል አትግባ። የኢንተርቪው ዝግጅት በበዛበት ሳምንት ግማሽ ሰዓቱን ወደ አሥር ደቂቃ አውርደው፣ ግን አታቋርጠው። ላፕቶፑን ከመዝጋትህ በፊት ነገ የምትጀምርበትን አንድ መስመር ጻፍ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ወረቀት አለ፤ የፕሮግራሙን አካሄድ በእርሳስ ሥራው።

ሦስት ፕሮጀክት በአንድ ጊዜ አትጀምር! አንዱን ጨርስ። ያለቀ ትንሽ ፕሮግራም ከተጀመረ ትልቅ ፕሮግራም ይበልጣል፤ ቀጣሪው ከፍቶ ሊያየው ይችላላ።

ኮርስስ? ውሰድ እንጂ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በነጻ ያስተምራል፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ አፕ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ። ተመዝገብ። ሰርተፍኬቱን ግን ካንተ ጋር እጅግ ብዙ ሰው ይይዘዋል። ሮስተሩን የሠራው መምህር አንተ ነህ። ቀጣሪው ፊት ስትቀመጥ ስለ ሮስተሩ አውራ፤ የት እንደተቸገርክ፣ እንዴት እንደፈታኸው፣ ማን እንደተጠቀመበት። ድምፅህ ራሱ ይለወጣል።

ሦስት ነገር ግን ጠንቀቅ በል። የግል ፕሮጀክትህን በመሥሪያ ቤትህ ኮምፒውተርና በሥራ ሰዓት አትሥራ። የተማሪም ሆነ የታካሚ ስም ያለበትን እውነተኛ ዳታ ጊትሃብ ላይ አትጫን፤ የፈጠራ ስሞች ተጠቀም። አዲሱን የቅጥር ውል ስትፈርምም እስከ መጨረሻው አንብበው። አንዳንዱ ውል ተቀጥረህ ሳለ የምትፈጥረውን ሁሉ የድርጅቱ ያደርገዋል። የግል ፕሮጀክት እንዳለህ ሳትፈርም በፊት ንገራቸው፣ በጽሑፍም ይግባ። አትፈር! ቁም ነገር ያለው ቀጣሪ በዚህ ያከብርሃል።

አሁን ስልክህን አንሳ። ፕሮግራምህን ሊጠቀምበት ለሚችል አንድ ሰው ደውል፤ አብሮህ ለሚያስተምር፣ ለፋርማሲው ባለቤት፣ ለዕቁቡ ዳኛ። «ቅዳሜ አንድ ነገር አሳይሃለሁ» በለው። ከዚያ ላፕቶፑን ክፈት፤ ቅዳሜ እስኪደርስ የሚያልቀውን ክፍል ምረጥና ጀምር።