ግሽ ዓባይ ደርሰህ ስለ ማን አለቀስህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም አራተኛው ሳምንት መፃጉዕ ይባላል። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ሰንበት በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረውን በሽተኛ ታስበናለች (ዮሐ. 5)። ልብ በል! ይህ ሰው ከውኃው የራቀ አልነበረም። ዓይኑ እያየ ሌላው ይቀድመው ነበር እንጂ። ጌታችን መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ቢጠይቀው፣ ስለ በሽታው አላወራም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው የተናገረው። ይህን ይዘን በአገራችን ወዳለ ወደ ሌላ ውኃ እንሂድ።

ከደብረ ማርቆስ ተነሥተህ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፈህ፣ ቲሊሊ ላይ ዋናውን አስፋልት ትተህ ወደ ሰከላ ስትወጣ ግሽ ዓባይን ታገኛለህ። ደጋ ነው፤ የማለዳው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ምንጩን ስታይ ደግሞ ትገረማለህ፤ ይህችን የምታህል ናት እንዴ ትላለህ። ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና የሚገባው፣ ከዚያም ሱዳንንና ግብፅን የሚያጠጣው ወንዝ መነሻው እዚህ ነው። አባቶቻችን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 የተጻፈው ግዮን ይህ ነው ይሉናል።

የቦታው ጻድቅ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ናቸው፤ በዓላቸውም ጥር 13 ይከበራል። ገድላቸው እንደሚነግረን ወታደሮች ሊይዟቸው በመጡ ጊዜ ሰባት መጻሕፍቶቻቸውን ለዚህ ውኃ አደራ ሰጥተው ወደ እስር ሄዱ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ቢጸልዩ ውኃው መጻሕፍቱን አንዲት ጠብታ ሳይነካቸው መለሰላቸው። እኛ ወደ ግሽ የምንሄደው ልንቀዳ፣ ልንወስድ ነው። ጻድቁ ግን ያላቸውን ሁሉ ሰጥተው፣ ባዶ እጃቸውን ነው ወደ ወኅኒ የወረዱት።

ወደ ምንጩ እህል የቀመሰ ሰው አይቀርብም፤ ጫማም ይወልቃል። ደንቡ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንኳ ጫማውን አውልቆ እንደ ወረደ ራሱ ጽፏል። (እኛ ታዲያ ጫማችንን አውልቀን በክርናችን እንጋፋለን!)

ከዓመታት በፊት በዚሁ በዐቢይ ጾም ከደብረ ማርቆስ በአንድ አውቶቡስ ሄደን ነበር። አብራን አንዲት እናት ነበረች። መንገዱን ሙሉ ነጠላዋን ተከናንባ ታለቅሳለች። ልጇ ቤት ውስጥ ከተኛ ዓመታት አልፈዋል፤ ተሸክሞ የሚያመጣው አልተገኘም። በእጇ የያዘችው አንድ ባዶ ሃይላንድ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን ይዞ ተሰልፏል።

ሌሊት የጀመረ ወረፋ እስከ ረፋድ አልቀነሰም። በዚያ መካከል ሁለት ሰዎች አንድ ወጣት በቃሬዛ ይዘው መጡ፤ ከሰልፉ መጨረሻም ቆሙ። ማንም አልተናገረም። ተራዋ የደረሰው ያቺ እናት ዘወር አለችና፣ "ኑ ልጆቼ፣ በእኔ ቦታ ግቡ" ብላ እሷ ኋላ ሄደች። ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ ይጣራል። ሃይላንዱን ግማሽ እንኳ ሳትሞላ ሮጣ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጡት፣ "ምነው እናቴ፣ ይህን ሁሉ ደክመሽ?" ቢሏት፣ "የእኔስ ልጅ ቢሆን የሚያስቀድመው ሰው አይፈልግም?" አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ልጇ ዳነ ወይ ትለኝ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ከቃሬዛው ፊት ከቆሙት አንዱ እኔ ነበርሁ። የራሴን ጭንቅ እያሰብሁ እንባዬ ይወርድ ነበር፤ እንባው ጋርዶኝ ቃሬዛውን አላየሁትም ብል ደስ ባለኝ። አይቼዋለሁ። አይቼ ወረፋዬን ያዝሁ።

እንባ መልካም ነው፤ ቅዱስ ጴጥሮስም ምርር ብሎ አልቅሷል። በተቀደሰ ቦታ ልባችን ቢነካ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ነገር ግን ስለ ራሳችን ብቻ አልቅሰን ከተመለስን፣ በቤተ ሳይዳ ያን በሽተኛ ይቀድሙት ከነበሩት በምን ተለየን?

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙዎች ለዓመታት ያልተለየናቸውን ገዳማት መሳለም አልቻልንም። ዘንድሮ ግሽ መድረስ ባትችል አትዘን። በሰፈርህ ደብር ጠበል አለ፤ በግቢህም ወይ በጎረቤትህ የሚደግፋት አጥታ ከቅዳሴ የቀረች አንዲት አሮጊት አትጠፋም። በመፃጉዕ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ማታ በሯን አንኳኳና፣ "እማማ፣ ነገ ለቅዳሴ በስንት ሰዓት ልምጣልዎት?" በላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።