ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ሐኪም በሚባለው ጋራ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው በግንብ የታጠረውን ጀጎልና ከሸዋ በር ወዲያ ወደ ምዕራብ የተዘረጋውን አዲሱን ሐረር አንድ ላይ ያያል። እንደማንኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ሁሉ እዚህም የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒና ጥገና የሚሠሩ ቤቶች የደንበኛ እጥረት የለባቸውም። ኮምፒውተሩ አስቸግሮት ወደ እነዚህ ቤቶች የሄደ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ!»

ፎርማት ሲደረግ ሲስተሙ የተጫነበት ክፍል ባዶ ይሆናል። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠው ሁሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፍም ይሁን የሠርግ ፎቶ፣ አስቀድሞ ካልተገለበጠ አብሮ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ኪሳራ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ኮምፒውተሩ ራሱ መልሱን በያዘለት ችግር ምክንያት ነው።

መመሪያን ከማሽኑ ጋር አብሮ ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሲስተም የመጀመሪያው መመሪያ እ.ኤ.አ. ኅዳር 3 ቀን 1971 ወጣ፤ በኋላም ተጠቃሚው አንዲት ቃል ጽፎ ገጾቹን ስክሪኑ ላይ የሚያነብበት ሆነ። በ1990 የወጣው ዊንዶውስ 3.0 የራሱ የእገዛ ፕሮግራም ነበረው። በኦፊስ 97 ብቅ ያለችውና ዓይኗን እያንከባለለች ሥራ ታስፈታ የነበረችው የወረቀት ማያያዣ መሳይ ረዳት ብዙዎችን ስላስመረረች በ2007ቱ ኦፊስ ላይ ጨርሳ ቀረች። ኤፍ 1 ቁልፍ ግን የእገዛ ቁልፍ እንደሆነ እስከ ዛሬ አለ።

በሐረር ጠረጴዛዎች ላይ የሚያጋጥሙትን ችግሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው የፊደል ነገር ነው። የሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪኛና ኦሮምኛ ናቸው፤ አማርኛም በየቦታው ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ በአንድ ቀን የግዕዝ ፊደልና ቁቤ ማፈራረቅ ሊኖርበት ይችላል። «ኪቦርዴ ተበላሸ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ቋንቋው ሳይታወቅ ተቀይሮ ነው፤ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አንድ ላይ መጫን ይመልሰዋል። የአማርኛ ኪቦርድ ከነጭራሹ ካልተጨመረ በሴቲንግስ መፈለጊያ ላይ «ላንጉጅ» ብሎ መጻፍ ወደ ትክክለኛው ገጽ ይወስዳል።

የተላከ ደብዳቤ ሲከፈት የማይነበብ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ምልክቱን መለየት ያስፈልጋል። በፊደሉ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘኖች ከታዩ ኮምፒውተሩ ፊደሉን የሚያሳይ ፎንት አጥቷል ማለት ነው። ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከተደረደረ ግን ጽሑፉ የተጻፈው እንደ ቪጂ2 ሜን ባለ የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ደርበው ነበር የሚያስቀምጡት። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ከመጣ ወዲህ ባዶ ሳጥኑ ብርቅ ሆኗል፤ የድሮው ፋይል ግን በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ አሁንም አለ። መድኃኒቱም ያንኑ ፎንት መጫን ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው። ፎርማት ቢደረግ ጭራሽ ፎንቱም አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው የሰዓት ችግር ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ዴስክቶፑ ቀኑን ረስቶ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያም ኢንተርኔቱ እያለ ድረ ገጾች አንከፈትም ይላሉ። ክሮም የተባለው ማሰሻ ሰዓቱ ወደ ኋላ መቅረቱን በግልጽ ይናገራል፤ ባለቤቱ ግን እንግሊዝኛውን ሳያነብ ይዘጋውና «ቫይረስ ነው» ይላል። ጥፋቱ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ በምትቀመጠው ሳንቲም መሳይ ባትሪ ነው። ቁጥሯ 2032 ሲሆን 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዳላት ይነግራል። እሷን ቀይሮ ቀኑን ማስተካከል በቂ ነው። በዊንዶውስ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባን ፈልጎ ያጣ ሰው ናይሮቢን ይምረጥ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

ሦስተኛው የፍላሽ ጣጣ ነው። ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ ሲከፈት ፎልደሮቹ በሾርትከት ተተክተው ይገኛሉ። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። ሾርትከቱን ሳይነኩ መጀመሪያ በዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ማስፈተሽ፣ ቀጥሎ ከፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን ማሳየት ነው። በዚያ ካልታዩ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍቶ «አትሪብ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍና /? ማስከተል ነው። ትእዛዙ ምን እንደሚሠራ፣ መደበቂያው እንዴት እንደሚነሣ ኮምፒውተሩ ያለ ኢንተርኔት እዚያው ይዘረዝራል። ይህ የ/? ዘዴ በአብዛኞቹ የኮማንድ ፕሮምፕት ትእዛዞች ላይ ይሠራል።

በመጨረሻም ፕሪንተር አልታዘዝ ሲል አጥፍቶ ማብራት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ወረፋው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነውና። በሴቲንግስ «ትራብልሹት» ሥር ያለው የፕሪንተር መርማሪ ወረፋውን ይፈትሻል፣ የታነቀውንም ሥራ ያጸዳል።

እገዛ መጠየቅ የራሱ ዘዴ አለው። ረጅም ዓረፍተ ነገር አያስፈልግም፤ የነገሩን ስም በሁለት በሦስት የእንግሊዝኛ ቃል መፈለጊያው ላይ መጻፍ ይበቃል። የስሕተት መልእክት ሲመጣ «ኦኬ» ብሎ ከማባረር በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት ይገባል፤ በውስጡ ያለው የቁጥር ኮድ ሲፈለግ መልሱን በፍጥነት ያመጣል። ቴክኒሻን ዘንድ መሄድ ግድ ቢሆን እንኳ «እምቢ አለኝ» ብሎ ከማስረዳት ያንን ፎቶ ማሳየት ይሻላል።

መጠንቀቅ የሚያስፈልግበትም ቦታ አለ። በዊንዶውስ 7 ጊዜ ኤፍ 1 የሚከፍተው ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ መመሪያ ነበር። በዊንዶውስ 10ና 11 ዴስክቶፕ ላይ ግን ወደ ኢንተርኔት ፍለጋ ይወስዳል። እዚያ ደግሞ «ኮምፒውተርዎ ተይዟል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚሉ አታላዮች አድፍጠዋል። የማይክሮሶፍት እውነተኛ የስሕተት መልእክት የስልክ ቁጥር አይዝም።

መሥመሩ ሲቆራረጥ ለሚቸገር ደግሞ ሊብሬኦፊስ የተባለው ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም መፍትሔ አለው። የእገዛ ገጾቹ ለብቻቸው ወርደው የሚጫኑ ሲሆን የአማርኛም ጥቅል አለ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደው በፍላሽ ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ ያዳርሰዋል፤ የጥቅሉ የእትም ቁጥር ከፕሮግራሙ የእትም ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው።

እርግጥ ሁሉም ነገር በኤፍ 1 አይፈታም። ሀርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ወዲያው አጥፍቶ ወደ ባለሙያ መውሰድ ነው። ሲስተሙ በእውነት ተበላሽቶ ከሆነም ዊንዶውስ 10ና 11 ፋይሎችን አስቀርቶ ሲስተሙን ብቻ እንደ አዲስ የሚጭን ምርጫ አላቸው፤ ፕሮግራሞቹ ይነሣሉ እንጂ ሰነዶቹ በቦታቸው ይቆያሉ። እናም አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቴክኒሻኑ «ፎርማት ይደረግ» ሲልዎ ስለዚህ ምርጫ ይጠይቁት፤ ከሁሉ በፊት ግን ፋይልዎን በሌላ ዲስክ ይገልብጡ።