ኢታንግ የተቆለፈ ፋይል ጋምቤላ እንዲከፈት

ከኢታንግ ጤና ጣቢያ የታካሚ ዝርዝር በፍላሽ ይዞ ባሮን ወደ ላይ ተከትሎ ጋምቤላ የሚገባ ሰው ፍላሹ ከኪሱ ቢወድቅ፣ ያነሳው ሁሉ ያነበዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ፋይሉን በይለፍ ቃል ለመቆለፍ ጂፒጂ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ይበቃል፤ ለዊንዶውስ ጂፒጂ ፎር ዊን በሚል ስም ይገኛል። አስቸጋሪው መመሪያው ነው፤ ለሚያውቅ ሰው ስለተጻፈ ዋና ዋናውን ዘሎታል።

መጀመሪያ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ፊደሉ ስለማይታይ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ መቅረቱ አያስታውቅም፤ ጋምቤላ ያለው ኮምፒውተር ሌላ የግእዝ ሶፍትዌር ካለው ያው ቃል ላይገጥም ይችላል። የአኙዋክኛ ወይም የኑዌርኛ ቃላት ጥሩ ናቸው፣ በላቲን ይጻፋሉና፤ እንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ የሌለ ፊደል ያለበትን ግን ይተዉ። የማይገናኙ አምስት ስድስት ቃላት ይደርድሩ።

ፋይሉ ያለበትን ፎልደር በተርሚናል ይክፈቱ። ትእዛዙ በትንንሹ የላቲን ፊደል ነው፤ በስልክ እንደሚነገረው ልጻፈው፦ ጂ ፒ ጂ፣ ክፍተት፣ ሰረዝና ሲ ተጣብቀው፣ ክፍተት፣ የፋይሉ ስም። ይለፍ ቃሉን ሁለቴ ካስገቡ በኋላ፣ በስሙ ጫፍ ነጥብና ጂፒጂ የታከለበት አዲስ ፋይል ይወጣል። ዋናው ፋይል ግን ሳይቆለፍ እዚያው አለ። ፍላሽ ላይ የሚገለበጠው አዲሱ ብቻ ይሁን፤ ዋናውን ገልብጦ ማጥፋት አያዋጣም፣ የጠፋ ፋይል ይመለሳልና። የፋይሉ ስምም አይቆለፍም፤ የበሽታ ስም አይጻፍበት።

የሚያደናግረው ሙከራው ነው። እዚያው ኮምፒውተር ላይ ወዲያው ሲሞክሩት ይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ሊከፈት ይችላል። ይህ ማለት አልተቆለፈም ማለት አይደለም፤ አዳዲሶቹ ሥሪቶች ቃሉን ለጥቂት ጊዜ ይዘው ያቆያሉ፣ ቅንብሩ ካልተነካ 10 ደቂቃ ያህል። በሌላ ኮምፒውተር ይሞክሩ፤ ከሌለ አጥፍተው ያስነሱት።

ጋምቤላ ያለው ባልደረባ ሲከፍት፦ ጂ ፒ ጂ፣ ክፍተት፣ ሰረዝና ኦ፣ ክፍተት፣ ለሚከፈተው የሚሰጠው ስም፣ ክፍተት፣ ሰረዝና ዲ፣ ክፍተት፣ የተቆለፈው ፋይል ስም። ቅደም ተከተሉ አይዛባ። ሰረዝ ኦ ከቀረች ይዘቱ ስክሪኑ ላይ ይፈሳል፤ ከኋላው የቆመ ሁሉ ያየዋል።

ይለፍ ቃሉን ደውለው በድምፅ ይንገሩት፤ ከፍላሹ ጋር በወረቀት አይላክ። ከተረሳ የሚያስመልስ ቢሮ ስለሌለ፣ አንድ ቅጂ በታሸገ ፖስታ የኃላፊው ካዝና ውስጥ ይቀመጥ።