ጎጆ የት ይቀለስ? በመርሳና በወልዲያ መንገድ ላይ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና ሚስትን መኖሪያ የመምረጥ ሥልጣን የሰጠው ለባል ነበር። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም በዚህ ረገድ ከአገሬው ልማድ ጋር አልተጣሉም፤ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ወጥታ ወደ ባሏ አገር መሄዷ በወሎም በሸዋም የታወቀ ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን መኖሪያቸውን ሁለቱ ተስማምተው ይምረጡ አለ። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።

ሕጉ ከተለወጠ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ልማዱ ግን ቀስ እያለ ነው የሚከተለው። ዛሬም ብዙ ባለትዳሮች የት እንደሚኖሩ ቁጭ ብለው አልተነጋገሩም፤ ሥራ የተገኘበት፣ ዘመድ ያለበት ወይም ኪራይ የረከሰበት ቦታ ወስኖላቸዋል። ከተነጋገሩም አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ሄዶ አይቶ ለሌላው ይነግራል። የዚህ ምዕራፍ ምክር አጭር ነው፤ ሁለታችሁም ሂዱ፣ አብራችሁ እዩ፣ መንገድ ላይም ተከራከሩ።

ለወሎ ሰው ይህ እንዲሁ የሚነገር ምክር አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ የደርግ መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ አጓጉዟል፤ ከተጓዡ የሚበዛው ወሎዬ ነበር። የት እንደሚኖር የጠየቀው አልነበረም። በጥድፊያው ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት ተለያይቷል፤ ከሰፈራው ጠፍተው በእግር የተመለሱም ጥቂት አይደሉም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ሌላው የሰፈራ ፕሮግራም በመርሕ ደረጃ ከዚያ የተማረ ይመስላል። ሰፋሪው በፈቃዱ፣ ከክልሉ ሳይወጣ እንዲሄድ፣ የቀድሞ መሬቱንም የመጠቀም መብቱ ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት ታስቦ ነበር። አፈጻጸሙ በየቦታው ሌላ ታሪክ ነው። መርሑን ግን ማንኛውም ቤተሰብ ሊዋሰው ይችላል፤ አዲሱ አገር ባይስማማ የሚመለሱበትን በር ሳይዘጉ መሞከር።

አሁን አንድ ባልና ሚስት እናስብ። እሷ ነርስ ናት፣ ወልዲያ ተወልዳ ያደገች። እሱ ሳዑዲ ዐረቢያ ሠርቶ የተመለሰ ነው፤ አባቱ መርሳ አቅራቢያ ያርሳሉ። ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ በኪራይ ቤት ይኖራሉ፤ ኪራዩ በጨመረ ቁጥር «ለምን አገራችን አንገባም?» ይባባላሉ። ምሳሌው የደራሲ ፈጠራ ቢሆንም ዓይነቱ መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ሞልቷል። ወረዳው ወጣቶቹን ወደ ዐረብ አገር በመላክ ይታወቃል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ በየቤቱ የተነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ አሁን የት እንግባ?

ኢኮኖሚስቱ ጃኮብ ሚንሰር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ባሳተመው ጥናት የዚህን ጥያቄ አስቸጋሪ ጎን አሳይቷል። ቤተሰብ ቦታ ሲቀይር ድምሩ ትርፍ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ትርፍ ውስጥ ግን ብቻውን ቢሆን ፈጽሞ የማይሄድ አንድ ሰው አለ። ባይሄዱም እንደዚያው ነው፤ ብቻውን ቢሆን የሚሄደው ሰው ለትዳሩ ሲል ይቀራል። የእኛ ነርስ ወልዲያ ብትገባ ሥራም ዘመድም አላት፤ ባሏ የሚያርሰው መሬት ግን የለውም። መርሳ ቢገቡ ነገሩ ይገለበጣል። ማን ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ በግልጽ መነጋገር፣ ከዓመታት በኋላ «አንተ ነህ እዚህ ያመጣኸኝ» ከመባባል ያድናል።

ሁለቱ አብረው ሊያዩ ሲሄዱ ጉዞው ከደሴ ይነሣ። እስከ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐይቅ ይታለፋል፤ የ1881ዱ ውል የተፈረመበት ውጫሌም ይታለፋል። ከዚያ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል። የሚሌን ወንዝ ሲሻገሩ ደቡብ ወሎ ያበቃና ሀብሩ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ውርጌሳ፣ ከዚያም የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ።

በዚህ ዘመን ግን ከመነሣት በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ወልዲያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲው ሳይቀር ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል በሚካሄደው ውጊያ መንገድ የተዘጋበት፣ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለ ሰላም መጠየቅ ፍርሃት አይደለም። ልጅ ሌሊት ቢታመም ሆስፒታል መድረስ ይቻላል ወይ ብሎ እንደመጠየቅ ነው፤ መልሱንም የሚያውቁት በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችና እዚያው የሚኖሩ ዘመዶች ናቸው።

መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከወልዲያ የሚለያት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አየሩ ሌላ ነው፤ ሙቀት አለ፣ ፓፓያና ማንጎ አለ፣ ወባም አለ። ሁለቱን መነጠል አይቻልም። ፍሬውን የሚያበስለው ሙቀት ትንኙንም ያራባል። ባል መስኖውን አይቶ ዓይኑ ይበራል። ሚስት የምታየው ሌላ ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ጤና ጣቢያው ስንት የወባ ሕመምተኛ ይቀበላል? አጎበር ይታደላል? ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዳቸው ብቻ ቢመጡ ግን ግማሹ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀር ነበር።

ስለ እርሻው ሲጠየቅ ከዘመድ ይልቅ ባለሙያ ይሻላል። ከመርሳ ወደ ወልዲያ ሲያቀኑ ስሪንቃ አለ፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉ የአካባቢውን ስም ይዞ ይታወቃል። «ግራና-1» እና «ሚስኪር» የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ከዚህ የወጡ ናቸው፤ ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ የታሰቡ። የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርቱን የሚሰጠውም መርሳ ባለው ግቢው ነው። ከሳዑዲ የመጣን ገንዘብ ጉድጓድ ቆፍሮ ፓምፕ ለመትከል የሚያስብ ሰው በዚህ አገር የበልጉ ዝናብ አንድ ዓመት እየመጣ ሌላ ዓመት እንደሚቀር ያውቃል፤ የከርሰ ምድር ውሃው በየት በኩል ጥልቅ፣ በየት በኩል ቅርብ እንደሆነ ግን አያውቅም። ይህን ሳይጠይቁ የገዙት ፓምፕ ሲቆም ገንዘቡም አብሮ ይቆማል።

ወልዲያ ሌላ ጠባይ አላት። የመንገድ ከተማ ናት። የደሴና የመቀሌ አውራ ጎዳና፣ በጋሸና በኩል ወደ ወረታና ጎንደር ከሚወስደው ቻይናውያን ከሠሩት መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው፤ ወደ ላሊበላ የሚሄደውም በዚሁ ይታጠፋል። የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ ስለሆነች መሥሪያ ቤቱ፣ ፍርድ ቤቱና ሆስፒታሉ አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ስታዲየም ማየት ደስ ይላል፤ ለቤተሰብ ግን የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ማወቅ ይበልጣል። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የከተማዋ ሕዝብ 46 ሺህ ገደማ ነበር። ዛሬ ያንን ቁጥር ይዞ ስለ ውሃ ወይም ስለ ትምህርት ቤት ማስላት አያዋጣም። ሰፈር ውስጥ ገብቶ ከቦኖው አጠገብ የተደረደሩትን ጄሪካኖች ማየት ይሻላል።

ማክሰኞ ቢደርሱ ደግሞ ገበያውን ያገኙታል። ጤፉ ስንት ነው፣ ሽንኩርቱ ከየት ይመጣል፣ የመርሳው ፍሬ በማን እጅ ተሽጦ በስንት ይቸረቸራል? ባል ሊያመርተው ያሰበውን ሚስት እዚህ ዋጋውን ታየዋለች። ይህ አንድ ቀን ከብዙ የስልክ ወሬ ይበልጣል።

ተስፋ ከወሬ ጋር ሲደባለቅም መጠንቀቅ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ ድረስ የሚዘረጋው የባቡር መስመር፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ግንባታውን ሲይዝ፣ የብዙ ሰው ዓይን ስቧል። ጦርነቱ ግንባታውን ጎዳው። «ባቡሩ ሲመጣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል» የሚል ደላላ ቦታ ሲያሳይ፣ ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ ልጆቹ የት እንደሚማሩ መልሶ መጠየቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ወረቀቱ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የገጠር መሬት የሚያዘው በይዞታ መብት ነው፤ በአማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ይሰፍራል። የአባትን መሬት ተማምኖ የሚመለስ ልጅ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ፣ ወንድምና እህቶቹም ምን እንደሚሉ አባት በሕይወት ሳሉ ይጠይቅ። በከተማ ደግሞ የ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲገኝ ደንግጓል። በከተማ ዳር ከአርሶ አደር «የተገዛ» መሬት ላይ የተሠራ የጨረቃ ቤት ግንቡ ቢያምርም ካርታ የለውም፤ ሲፈርስ የሚከፈል ካሳ የለም። የተሠራ ቤት የሚገዛም ቢሆን ካርታውን፣ ዕዳና እገዳውን ከማዘጋጃ ቤት ያጣራ፤ የሻጭ የትዳር ጓደኛ መፈረሟን ወይም መፈረሙንም ያረጋግጥ። የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ዐረብ አገር ሆኖ ለወንድም ገንዘብ ልኮ ቤቱ በወንድም ስም ቆሞ ያገኘ ስንት ሰው አለ! ውክልና ሲሰጥ በምን ጉዳይና እስከ ምን ድረስ እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን።

ጎረቤትም በወረቀት ባይሆን በቡና ይጣራል። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ለቅሶና ሠርጉንም የሚሸከመው ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ ነው። አዲስ ገቢ ቅሬ ውስጥ እንዴት ይገባል? መግቢያው ስንት ነው? ሴቶቹስ የራሳቸው አላቸው? ሚስት ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጣ የምትሰማውን፣ ባል ከደላላ ጋር ቀኑን ሙሉ ዞሮ አያገኘውም።

ካዩ በኋላ ያልተስማሙ ባለትዳሮች ብዙ ናቸው፤ ያልተስማሙትም አይተው ስለሆነ ክርክራቸው ቢያንስ ስለ እውነተኛ ነገር ነው። ለእኛዎቹ ሁለቱ አንድ መንገድ ቀርቶላቸዋል። ቤት ሳይገዙ ወልዲያ ይከራያሉ፤ እሷ እዚያው ሥራ ትጀምራለች፤ እሱ ጠዋት በሚኒባስ ወደ መርሳ ወርዶ የአባቱን ማሳ ይሞክራል፤ የአዲስ አበባውን ዕቃ ዘመድ ቤት ያስቀምጣሉ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካለፈ በኋላ የኪራዩን፣ የትራንስፖርቱንና የማሳውን ሒሳብ በአንድ ደብተር ላይ ጽፈው እንደገና ይነጋገራሉ። የልጆቹን ትምህርት ቤት በተመለከተ ግን እሷ አስቀድማ ቃሏን ሰጥታለች፤ ዓመቱ ሳያልቅ አይቀየርም።