ሳይክል ለምትነዱ ሁሉ፦ ፔዳላችሁንና ጫማችሁን አንዴ እዩት



ዛሬ ከራሴ ስህተት ልጀምር። አንድ የስኳር ታካሚዬን፣ አምሳዎቹን ያጋመሱ አባት ናቸው፣ "ጋሼ፣ እንቅስቃሴ ያስፈልግዎታል" ብዬ ሸኘኋቸው። እሳቸውም ቃሌን አክብረው ልጃቸው ትቶት የሄደውን አሮጌ ሳይክል ከጓሮ አወጡና ጠዋት ጠዋት መንዳት ጀመሩ። ለቀጣዩ ቀጠሮ ሲመጡ ስኳራቸው ወርዷል፣ እሳቸውም ደስ ብሏቸዋል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ልንሰነባበት ስንል ግን "ዶክተር፣ ሰሞኑን ካልሲዬ ይርስብኛል" አሉኝ። ጫማቸውን አስወልቄ ሳይ ከአውራ ጣታቸው ስር የሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል አለ። ህመም የሚባል ነገር አልተሰማቸውም። ስኳሩ የእግራቸውን ነርቭ አደንዝዞታል።

ያደረጉት ሶሉ ያለቀ ስስ ሸራ ጫማ ነበር። ስለ ሳይክሉ ስጠይቃቸው ደግሞ የፔዳሉ ፕላስቲክ ተሰባብሮ የመሃሉ ብረት ብቻ እንደቀረ ነገሩኝ። እንግዲህ አስቡት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ያንን ቀጭን ብረት በውስጥ እግራቸው ሲረግጡ ነበር። እኔ "ስፖርት ይሥሩ" አልኩ እንጂ "በምን ጫማ?" ብዬ አልጠየቅኩም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ስለተሠራ አዲስ ነጂ በዝቷል። የባሕር ዳርና የሐዋሳ ሰዎች "እኛማ ድሮም እንነዳለን" እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ይሄ ለእናንተም ነው። ሰው ሳይክል ሲገዛ ማርሹን ያያል፣ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ቀለሙን ይመርጣል። ሰውነታችን ሳይክሉን የሚነካው ግን በሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ በእጅ፣ በመቀመጫና በእግር። ጉልበቱ በሙሉ የሚያልፈው ደግሞ በእግር ነው።

መጀመሪያ ፔዳሉ። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ልዩ ጫማ አስገብታችሁ "ቀጭ" ብሎ የሚቆልፈው ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው ጽጋቡ ግርማይን የመሰሉ ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙት እሱን ነው። ለመውረድ ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ያስፈልጋል። በየመብራቱ ለሚቆም፣ ከፊቱ ታክሲ ድንገት ለሚገባበት የከተማ ነጂ እኔ አልመክረውም። ለእኛ የሚሆነን ጠፍጣፋው ፔዳል ነው፤ እግራችሁን በፈለጋችሁት ሰዓት አንስታችሁ መሬት ትረግጣላችሁ።

ጠፍጣፋ ሲባል ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ስፋቱን እዩ። ወርድና ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ፔዳል ክብደታችሁን በሰፊው የእግር ክፍል ላይ ያከፋፍላል። ጠባቡ ግን አንድ ቦታ ላይ ይጫናል። ፊቱ ልሙጥ መሆን የለበትም፤ በክረምት ዝናብ ልሙጥ ፕላስቲክ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው። ጥርስ ያለው ጫማውን ይነክስና ይይዛል። የብረት ጥርስ ያለው ይበልጥ ይይዛል፣ እግር ካመለጠ ግን ቅልጥምን ይገሸልጣል። ለጀማሪ ጥርሱ ከራሱ ከፕላስቲኩ የወጣው ይበቃል ባይ ነኝ፣ ዋጋውም ይቀላል። ማታ የምትነዱ ከሆነ ቢጫ አንጸባራቂው ያለበትን ፈልጉ። እግራችሁ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር እሱም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ቶሎ ያያችኋል።

አሮጌ ከሆነ በእጃችሁ ያዙትና ወዝውዙት። ከተንገጫገጨ ወይም ስታዞሩት አሸዋ የገባበት ያህል ከተንኳኳ ኩሽኔታው አልቋል፣ ቀይሩት።

ቤት ውስጥ ለምትቀይሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ተበልቼበታለሁና። የግራው ፔዳል ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው! ሁለቱም የሚጠብቁት ቁልፉን ወደ ሳይክሉ ፊት ስታዞሩ፣ የሚፈቱትም ወደ ኋላ ስታዞሩ ነው። ብዙውን ጊዜ 15 ቁጥር ቁልፍ ይገባለታል። የአብዛኛው የአዋቂ ሳይክል ፔዳል ቡሎን 9/16 ኢንች ሲሆን የብዙ ልጆች ሳይክል ደግሞ 1/2 ኢንች ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና አስለኩ። መጀመሪያ በእጅ አስገቡ፣ ትንሽ ግሪስ ቀቡት። በግድ ካስገባችሁት የፔዳሉን ክንድ ጥርስ ትበሉታላችሁ፣ ያ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ወደ ጫማው እንምጣ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነውና።

ብዙ ሰው "ስፖርት አይደል?" ይልና የሩጫ ጫማውን ያደርጋል። የሩጫ ጫማ ሶል የተሠራው መሬት ስትመቱ እንዲያለዝብ ነው። ሳይክል ላይ ደግሞ መሬት አትመቱም፤ ለስላሳው ሶል ይታጠፍና ፔዳሉ ከጣቶቻችሁ ጀርባ ያሉትን አጥንቶች ይጫናል። በነዚያ አጥንቶች መካከል ነርቮች ያልፋሉ። "ዶክተር፣ ግማሽ ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ውስጥ እግሬ ይቃጠላል፣ ጣቴ ይደነዝዛል" የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይሄ ነው። ጫማው ከፊት ጠባብ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

የምትፈልጉት ሶሉ ጠፍጣፋና ጠንከር ያለ፣ ከስር ጎማ የሆነ፣ ከፊት ሰፋ ያለ ዝግ ጫማ ነው። ውድ መሆን የለበትም፣ ቦንዳ ተራም ይገኛል። ሱቁ ውስጥ ጫፍና ተረከዙን ይዛችሁ እጠፉት፤ ጣት ጋ ትንሽ ቢታጠፍ ችግር የለም፣ መሃሉ ላይ እንደ እንጀራ የሚጠቀለል ከሆነ ተዉት። ቀጥሎ እንደ ልብስ ጭመቁት፤ በቀላሉ ከተጠማዘዘ አይሆንም። እግር እየዋለ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ ግዙ። ክራችሁን አስራችሁ ትርፉን ወደ ውስጥ ክተቱት፣ በተለይ የቀኙን፣ ካቴናው በዚያ በኩል ነውና። የሱሪያችሁንም ጫፍ እንደዚያው።

ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ የምትነዱ ወንድሞቼን ምን ልበላችሁ? ሰፈር ሱቅ ድረስ ነው ትላላችሁ፤ ጣት የሚቀረጠፈው ግን ሰፈር ውስጥም ነው።

ስትረግጡ ከጣት ስር ያለው ወፍራሙ ክፍል ከፔዳሉ ዘንግ ትንሽ ቀደም ይበል። በጣት ጫፍ መርገጥ የባት ጡንቻንና የተረከዝን ጅማት ያደክማል፣ እግርም ቶሎ ይንሸራተታል።

ቅልጥማችሁ ከተገሸለጠ በንጹህ የሚፈስ ውሃና በሳሙና በደንብ እጠቡት። ቡና አትነስንሱበት፣ እባካችሁ! ቁስሉ ቆሻሻ የነካው ወይም ጥልቅ ከሆነና የመጨረሻውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዳችሁ ከ5 ዓመት በላይ ከሆናችሁ ወይም መቼ እንደወሰዳችሁ ካላወቃችሁ በቶሎ ጤና ተቋም ሂዱ።

ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ለብቻ አድምጡኝ። ሳይክል ለእናንተ ጥሩ ነው፣ አልከለክላችሁም። ነገር ግን ጫማው ልክ መሆኑን በስሜታችሁ አትመኑ። ወረቀት ላይ ቁሙና እግራችሁን በእስክሪብቶ አዙራችሁ ሳሉት፣ ከዚያ ጫማውን ከላዩ አስቀምጡ። ስዕሉ ከጫማው ከወጣ ጫማው ጠቧችኋል ማለት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት እጃችሁን ጫማው ውስጥ አስገብታችሁ ጠጠር ወይም የወጣ ሚስማር እንዳለ ዳብሱ። ስትመለሱ ካልሲያችሁን አውልቁና በጣቶቻችሁ መሃል ሳይቀር ውስጥ እግራችሁን እዩ፤ ጎንበስ ማለት ካቃታችሁ መስታወት መሬት ላይ አድርጉ፣ ወይ ልጃችሁ ይይላችሁ። ቅላት፣ ውሃ መቋጠር ወይም እርጥበት ካያችሁ ባያማችሁም በዚያው ቀን ለሐኪም አሳዩ። እስኪታይ ድረስ ሳይክሉ ይቁም።

የእኚያ አባት ቁስል በየጊዜው እየተጠረገ፣ እግራቸው ጫና እንዳይበዛበት እየተደረገ ለመዳን ወራት ፈጀ። ባለፈው ሰሞን ለክትትል ሲመጡ ፌስታል አንጠልጥለው ገቡ። መድኃኒታቸው መስሎኝ ነበር። ከፍተው አዲስ ዝግ ጫማና አንድ ጥንድ ሰፊ ፔዳል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና "መጀመሪያ አንተ እይልኝ፣ ከዚያ አስገጥመዋለሁ" አሉኝ።